የቺዳምባራም ቤተ መቅደስና የታሚል መዝሙሮቹ፦ ማን፣ የት ቆሞ ይዘምር?

ዋሽንት (ክር ከፋች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባለፈው ስለ ቃል ትምህርት ስንጨዋወት የታሚሎችን መዝሙር በጨረፍታ ባነሳ «ሰፋ አድርገህ አምጣው» ብላችሁኝ ነበር። ይኸው አመጣሁት። ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት አናማላይ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ግቢው እዚያው ቺዳምባራም ስለሆነ ብዙ ምሽት ከቤተ መቅደሱ አልጠፋም ነበር።

ቺዳምባራም በደቡብ ሕንድ፣ በታሚል ናዱ ግዛት፣ ከቼናይ በባቡር አራት አምስት ሰዓት የምታስኬድ ከተማ ናት። ከተማዋ የተሠራችው በቤተ መቅደሱ ዙሪያ ነው። አራት ሰፋፊ መንገዶች ግቢውን ከበውታል፤ በበዓል ቀን ሠረገላዎቹ የሚጎተቱት በእነሱ ላይ ነው። ግቢው ወደ 16 ሄክታር ይሆናል። በአራቱ አቅጣጫ አራት ግዙፍ የበር ግንቦች አሉ፤ በመተላለፊያቸው ግድግዳ ላይ 108ቱ የጥንት የጭፈራ አቋሞች በድንጋይ ተቀርጸዋል። እዚህ የሂንዱዎች አምላክ ሺቫ የሚመለከው በጭፈራ መልኩ ነውና። ናታራጃ ይሉታል። አንድ እግሩ ድንቁርናን የሚወክለውን ድንክ ረግጧል፣ ሌላው ተነስቷል፣ ዙሪያውን የእሳት ቀለበት አለ። ጄኔቫ አጠገብ ባለው የሰርን የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሕንድ በ2004 ያቆመችውን ሐውልት ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ መልኩ እሱ ነው።

ሌሎቹ የሺቫ ቤተ መቅደሶች በመቅደሳቸው ውስጥ የሚያኖሩት በአብዛኛው ሊንጋ የሚባለውን የድንጋይ ምሰሶ ነው። ቺዳምባራም ላይ ግን በወርቅ ጣሪያው አዳራሽ ውስጥ የቆመው ይህ የነሐስ ጨፋሪ ነው። ከጎኑ መጋረጃ አለ። ካህኑ መጋረጃውን ሲገልጠው የተንጠለጠሉ የወርቅ ቅጠል ጉንጉኖች ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። አምስቱን ባሕርያት ከሚወክሉት አምስት የሺቫ መቅደሶች የሕዋው መቅደስ ይህ ነው። ምድር፣ ውኃ፣ እሳትና ነፋስ ሌላ ሌላ ቦታ መቅደስ አላቸው። እዚህ ምእመኑ ባዶውን አይቶ፣ እጅ ነስቶ ይመለሳል።

ስለ ቺዳምባራም የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ባዶው ላይ ይቆማሉ። እኔ ግን የቦታው ልብ መዝሙሩ ነው ባይ ነኝ። ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሳምባንደር፣ አፓርና ሱንዳራር የተባሉ ባለቅኔዎች የታሚልን አገር ከመንደር መንደር እየዞሩ በየደረሱበት መቅደስ ዘመሩ። የሦስቱ ድርሰት አንድ ላይ ቴቫራም ይባላል፤ ከ8 ሺህ አርኬ በላይ ነው። የዘመሩላቸው ቦታዎች ከ270 ይበልጣሉ፤ የሺቫ ምእመን ዛሬም ተሳልሞ ለመጨረስ የሚመኘው እነዚያን ነው። ታላቁ የታንጃቩር ቤተ መቅደስ እንኳ በኋላ ስለተሠራ፣ ሦስቱ ስላልዘመሩለት፣ ከእነዚህ አይቆጠርም።

አሁን ታሪኩን ስሙ። ከ985 እስከ 1014 የነገሠው ራጃራጃ ቾላ ቁርጥራጭ መዝሙር ሲዘመር ሰምቶ ሙሉውን ፈለገ። ናምቢ አንዳር ናምቢ የተባለ ካህን «ቅጠሎቹ ቺዳምባራም ውስጥ ተዘግቶባቸው ይገኛሉ» አለው። መዝሙሮቹ የተጻፉት በዘንባባ ቅጠል ላይ ነበር። የመቅደሱ ካህናት ግን «ክፍሉ የታሸገው በሦስቱ ባለቅኔዎች እጅ ነው፤ እነሱ ራሳቸው ካልመጡ አይከፈትም» ብለው መለሱ። ንጉሡ የሦስቱን ምስል አሸክሞ በክብር አመጣና «ይኸው መጥተዋል» አለ። በሩ ተከፈተ። ቅጠሉን ምስጥ ውጦታል። ዘይት አፍስሰው፣ አፈሩን አጥበው፣ የተረፈውን አወጡ። ለሚመጣው ዘመን የሚበቃው ተርፏል የሚል ድምፅ ተሰማ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ሰው አይነግራችሁም። ቃሉ ተገኘ፣ ዜማው ግን ጠፍቶ ነበር። ዜማውን የመለሰችው ከጥንት ሙዚቀኞች ዘር የሆነች አንዲት ሴት ናት፤ ኤሩካታምፑሊዩር ከሚባል መንደር ተጠርታ መጥታ አስተማረች። ንጉሥ፣ ካህን፣ የታሸገ በር፣ ይህ ሁሉ ተነግሮ ሲያበቃ መዝሙሩ ወደ ሰው የተመለሰው በአንዲት ሴት ጉሮሮ ነው።

ዛሬም በዚያው ግቢ ክርክሩ አልበረደም። ቴቫራም መዘመሩን የሚከለክል የለም፤ ጥያቄው የት ቆሞ የሚለው ነው። እስኪ ሐሳባችሁን አምጡ።


የቅኔ ተማሪ

ዋሽንት፣ እጅህ ይባረክ። የዜማው ነገር ነው የበላኝ። እኛ ዘንድ ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ እንላለን። እነሱስ በምን ይለዩታል? መሣሪያ አላቸው ወይስ በአፍ ብቻ ነው? ደግሞ ከአንዱ መዝሙር ጥቂት መስመር በአማርኛ ብታቀርብልን።


ዋሽንት

ዜማውን ፓን ይሉታል። ቴቫራም ውስጥ ከ20 በላይ ፓኖች አሉ፤ በቀን የሚዜሙ፣ በሌሊት የሚዜሙ፣ በማንኛውም ሰዓት የሚዜሙ ተብለው በሦስት ይመደባሉ። ሦስት ስለሆነ ከእኛ ሦስቱ ጋር አንድ ነው እንዳትል ግን፤ ፓን የድምፆች መሰላል ነው፣ በኋላ የደቡብ ሕንዱ የካርናቲክ ሙዚቃ ራጋ ብሎ ከያዘው ጋር ነው የሚዛመደው። የዜማው ሰዎች ኦዱቫር ይባላሉ። አንድ ኦዱቫር ሲዘምር እጁ ላይ ሁለት ትናንሽ የነሐስ ክቦች ይዞ እያጋጨ ምት ይጠብቃል፤ ከዚያ ያለፈ መሣሪያ ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ጥናቱ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይደግማል ነው። እንደ ዳርማፑራም ያሉ የሺቫ ገዳማት ትምህርት ቤት ከፍተው ለዘመናት ኦዱቫሮችን አፍርተዋል።

አንድ መዝሙር ብዙውን ጊዜ አሥር ወይም አሥራ አንድ አርኬ አለው። ሳምባንደር ሥርዓቱን አጥብቆ ይይዛል፦ ስምንተኛው አርኬ ላይ ተራራውን ሊነቅል የሞከረው ራቫና ይነሳል፣ ዘጠነኛው ላይ ቪሽኑና ብራህማ የተባሉት አማልክት የሺቫን ጫፍ ፈልገው ያጣሉ፣ አሥረኛው ላይ ጃይኖችና ቡድሂስቶች ይወቀሳሉ፣ አሥራ አንደኛው ላይ የራሱ ስምና መዝሙሩን ለሚያዜም የተሰጠ ተስፋ ይገባል። የአሥረኛው አርኬ ቃል ጠንካራ ነው፤ ዘመኑ የሃይማኖት ፉክክር የበረታበት ነበርና ይህን ሸፍኜ ባልፈው ደስ አይለኝም።

አፓር ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ከጃይን መነኮሳት ጋር ኖሮ በሆድ ሕመም ሲሰቃይ ወደ እኅቱ ወደ ቲላካቫቲያር ተመልሶ፣ ሺቫን ለምኖ የዳነ ይባላል። ከዚያ በኋላ መኮትኮቻ ይዞ የየመቅደሱን ግቢ አረም እየነቀለ ነው የኖረው፤ በሐውልቱም ላይ መኮትኮቻው ከትከሻው አይለይም። የፓላቫው ንጉሥ በኖራ እቶን ውስጥ ሲዘጋበት ዘመረ የሚባለውን በራሴ አማርኛ እንዲህ ልሞክረው፦ እንከን የሌላት ቪና (ባለ ክር መሣሪያ)፣ የምሽት ጨረቃ፣ የሚነፍሰው ነፋስ፣ የሚያብበው ጸደይ፣ ንብ የሚያዜምበት ኩሬ፤ የአባቴ የእግሩ ጥላ እንዲህ ነው። ይህን የሚለው እቶን ውስጥ ሆኖ ነው።

ለቺዳምባራም የዘመረው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልቤ ውስጥ ቀርቷል። የተቀሰተውን ቅንድብ፣ በቀዩ ከንፈር ላይ የምትፈነጥቀውን ፈገግታ፣ ርጥቡን ጉንጉን ፀጉር፣ በቀይ ገላው ላይ የተነሰነሰውን ነጭ አመድ፣ የተነሳውን ወርቃማ እግር ማየት ከተቻለ፣ በዚህ ሰፊ ምድር ሰው ሆኖ መወለድም የሚመኙት ነገር ነው ይላል። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው የኖረው ከመወለድ መላቀቅ የመጨረሻ ግብ በሆነበት አገር ነው። መወለድን የሚያስመኝ ነገር አየሁ ማለቱ ቀላል አይደለም።


ሰሎሜ ዘቶሮንቶ

ይህን ክር ሳነብ ጎረቤቶቼ ናቸው ፊቴ የመጡት። እዚህ ቶሮንቶ ከስሪላንካ ጦርነት የተሰደዱ ታሚሎች በጣም ብዙ ናቸው። ከጃፍና የመጡ ባልና ሚስት ግድግዳ ተጋርተን ነው የምንኖረው። የባልየው እናት ሲያርፉ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ሲጀምሩም ሲጨርሱም «ቲሩቺትራምባላም» ይላሉ። ምን እንደሆነ ሚስትየውን ጠየቅኳት፤ የመቅደሱ አዳራሽ ስም ነው አለችኝ። ዋሽንት የጻፍከው ያው የቺዳምባራሙ አዳራሽ ነው አይደል?

ሴትዮዋ ቺዳምባራምን ረግጣው አታውቅም፤ እናቷም አላየችውም። ልጆቿ ታሚልኛ እየጠፋባቸው ነው፣ አንድ የቴቫራም መዝሙር ግን በቃላቸው ይወጡታል፤ ፈተና ሲደርስባቸው ማለዳ እናታቸው ታስደግማቸዋለች። እኔም ለልጆቼ ውዳሴ ማርያም ለማስያዝ የምደክመውን ስለማውቅ ያቺን ሴት አከብራታለሁ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ባለቅኔዎቹን ሦስት ወንዶች ብለህ ጀመርክ። ካራይካል አማይያርስ? ጎረቤቴ ሳሎን ውስጥ ምስሏ አለ። አጥንቷ የቀረ፣ የከሳች ሴት፣ በሚጨፍረው ሺቫ እግር ሥር ተቀምጣ እነዚያኑ የነሐስ ክቦች እያጋጨች። ከሦስቱ በፊት የኖረች ናት ተብያለሁ።


ዋሽንት

አዎ፣ ያው አዳራሽ ነው። ቴቫራም የትም ይዘመር የት፣ አከፋፈቱም መዝጊያውም ይኸው ስም ነው። በሺቫ ምእመናን ቋንቋ እንዲያውም «ቤተ መቅደሱ» ብሎ ዝም ያለ ሰው ቺዳምባራምን ማለቱ ነው።

ስለ ካራይካል አማይያርም እውነትሽን ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ እንደኖረች ይታመናል፤ ቀዳሚ ናት። ድርሰቶቿ ከቴቫራም ውጭ ናቸው እንጂ ከቀኖናው ውጭ አይደሉም። የታሚል ሺቫውያን ቀኖና ቲሩሙራይ ይባላል፣ 12 መጻሕፍት ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሰባቱ ቴቫራም፣ ስምንተኛው የማኒካቫሳካር፣ የእሷ ግጥሞች አሥራ አንደኛው ውስጥ ናቸው። ውበቷን ለሺቫ መልሳ አስረክባ፣ አጽም መስላ፣ የሚቃጠሉ አስከሬኖች ባሉበት ሜዳ የሚጨፍረውን አምላክ ዘመረች። የጨፋሪውን አምላክ መልክ በግጥም ከሣሉት ቀደምቶች አንዷ እሷ ናት።


የድንጋይ ጽሑፍ

ታሪኩ ያምራል፤ ድንጋዩ ግን ሌላ ይናገራል። ቲሩቫላም በሚባል ቦታ ከፓላቫ ነገሥታት ዘመን፣ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ የቀረ ጽሑፍ አለ። ለመቅደሱ ከተሰጠው እህል ለማን ምን እንደሚደርስ ሲዘረዝር መዝሙር ዘማሪዎችን ይጠቅሳል። ይህ ከራጃራጃ ከ100 ዓመት በላይ ይቀድማል። ስለዚህ ራጃራጃ ሲነግሥ መዝሙሩም ዜማውም በየመቅደሱ ይሰማ ነበር ማለት ነው። የጠፋ፣ የታሸገ፣ በምስጥ የተበላ የሚለው እንደወረደ ሊወሰድ አይችልም። ራጃራጃ ያደረገው የነበረውን ማጠናከር ነው። በ1010 ባስጨረሰው የታንጃቩር ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ 48 ዘማሪዎችና ሁለት ከበሮ መቺዎች መቅጠሩንና የዕለት ሩዛቸውን አስቀርጿል።

ሌላም አለ። የታሸገውን ክፍል ታሪክ የጻፈው ኡማፓቲ ሺቫቻሪያ ነው ተብሎ ነው የሚታወቀው። እሱ ደግሞ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖረ፣ ራሱ ከቺዳምባራም ካህናት ወገን የሆነ ሊቅ ነው። ካህናት ከልካይ ሆነው የሚታዩበትን ታሪክ የጻፈልን ከውስጣቸው የወጣ ሰው ነው። የሃይማኖት መምህሩ ከእሱ ዘር ውጭ ስለነበር ወገኖቹ አግልለውት ነበር ይባላል። ታሪኩን ከዚህ ጋር አብራችሁ አንብቡት።


ዋሽንት

ይህን ነው የምፈልገው፣ ተባረክ። የቲሩቫላሙ ጽሑፍ እኔ የያዝኩትን አያፈርስብኝም፣ ያጸናልኛል። መዝሙሩ በዘማሪ አፍ ሳይቋረጥ ከኖረ፣ ሩዝ ተሰፍሮለት በየመቅደሱ ከተሰማ፣ ሕይወቱ ከቅጠሉ አልመጣም ማለት ነው። ኡማፓቲን በተመለከተ ያልከው ደግሞ ከልቤ ገብቷል። ያንን ሰው ከታሪኩ ውስጥ ካወጣነው ክርክሩ ካህንና ዘማሪ፣ ሳንስክሪት (የካህናቱ የሥርዓት ቋንቋ) እና ታሚልኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እሱ ሁለቱንም ቋንቋ ያወቀ፣ ሁለቱንም የወደደ የቺዳምባራም ካህን ነበር።


ሚኪ ዘፒያሳ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኛ ክርስቲያኖች የጣዖት መቅደስ መዝሙር ምን ያደርግልናል? እዚህ መድረክ ላይ ሕፃናትም ያነባሉ። ቢያንስ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበት።


አወያይ

ሚኪ፣ ክፍሉ «የዓለም ትውፊቶች» ነው፤ ክሩ ቦታውን አልሳተም። የማንንም እምነት ማንቋሸሽም ሆነ መስበክ አይፈቀድም፣ እስካሁንም ማንም አላደረገም። ቀጥሉ።


የቅኔ ተማሪ

ወንድሜ ሚኪ፣ እኔም የደብር ልጅ ነኝ፤ ይህን አንብቤ ከሃይማኖቴ አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀስኩም። ሰው ፈጣሪዬ ለሚለው በሌሊት ተነስቶ ሲያዜም፣ ዜማው ከአፍ ወደ አፍ ሺህ ዓመት ሲሻገር፣ ያንን ማክበር ማምለክ አይደለም። ድጓ ያጠና ሰው የኦዱቫሩ ድካም ምን ያህል እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።


ሰላማዊት የሕግ ባለሙያ

«የት ቆሞ» ወደሚለው ልመለስ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለደረሰ እከታተለው ነበር።

ከወርቅ ጣሪያው አዳራሽ ፊት ለፊት ካናካ ሳባ የሚባል ከፍ ያለ መድረክ አለ። የቤተ መቅደሱ ካህናት ዲክሺታር ይባላሉ፤ ክህነቱ በዘር ነው፣ ያገባ ወንድ ሁሉ በተራው ይቀድሳል። ቴቫራም ከመድረኩ በታች ሆኖ ይዘመር፣ መድረኩ ላይ ግን የሥርዓቱ ነው የሚል አቋም ነበራቸው። በ2008 የታሚል ናዱ መንግሥት ማንኛውም ምእመን መድረኩ ላይ ወጥቶ በታሚልኛ መዘመር ይችላል ብሎ አዘዘ። አንድ አረጋዊ ኦዱቫር በፖሊስ ታጅበው ሊዘምሩ ሲወጡ ግርግር ተፈጠረ። ቀጥሎ መንግሥት የመቅደሱን አስተዳደር የሚይዝ ሹም ሾመ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደና ጥር 2014 ላይ ፍርድ ቤቱ ሹመቱን ሻረ። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 ለሃይማኖት ማኅበራት የራሳቸውን ጉዳይ የማስተዳደር መብት ይሰጣል፤ ዲክሺታሮች እንዲህ ያለ ማኅበር መሆናቸውን የማድራስ (የዛሬው ቼናይ) ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀድሞ በ1951 ወስኖ ነበር። በኮሮና ጊዜ መድረኩ ለምእመን ተዘግቶ ስለነበር፣ በ2022 መንግሥት እንደገና ምእመናን እንዲወጡ የሚፈቅድ ትእዛዝ አወጣ።

እኔ በግሌ አስተዳደሩ የእነሱ መሆኑ ልክ ነው እላለሁ፤ መንግሥት መቅደስ ሲያስተዳድር ደስ አይለኝም። ዘማሪን ከመድረክ ማውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ማስተዳደር መቻልና መዝሙሩን የራስ ንብረት ማድረግ አንድ አይደሉም።


ዋሽንት

ሰላማዊት፣ ልክ እዚያ ላይ ነው ያለሁት። ለዲክሺታሮቹ ግን አንድ ነገር ልናገርላቸው። ብዙዎቹ በድህነት ነው የሚኖሩት፤ ንጉሥ ሄዶ ንጉሥ ሲመጣ ያንን ሥርዓት በቀን ስድስት ጊዜ ሳያስታጉሉ ያቆዩት እነሱ ናቸው። ሱንዳራር ራሱ የቅዱሳኑን ስም ዝርዝር ሲዘምር የጀመረው በእነሱ ነው፤ በቲላይ ለሚኖሩ ካህናት ባሪያዎች እኔ ባሪያ ነኝ ብሎ። ቲላይ የቺዳምባራም የጥንት ስም ነው። መዝሙሩ ያከበራቸውን ካህናት እኔ ላቃልላቸው አልችልም።

ነገር ግን ያው የሱንዳራር ዝርዝር ናንዳናርንም ያነሳል። ሴኪላር በ12ኛው ክፍለ ዘመን የ63ቱን ቅዱሳን ታሪክ በቅኔ ሲጽፍ፣ እሱም ቺዳምባራም ላይ ነው የጻፈው ይባላል፣ ናንዳናርን አስፋፍቶ ተረከው። ናንዳናር «የማይነኩ» ከሚባሉት ወገን፣ የእርሻ ሠራተኛ ነበር። ለመቅደሶቹ ከበሮ ቆዳ፣ ለመሣሪያዎቻቸው ጅማት የሚያቀርበው እሱ ነው። ያለፋው ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይመታል፣ እሱ ደጅ ይቆማል። ቲሩፑንኩር በሚባለው መቅደስ ደጅ ቆሞ ሺቫን ማየት ሲያቅተው፣ ፊት ለፊት የተኛው የድንጋይ በሬ ዞር አለለት ይባላል፤ በሬው ዛሬም ከመሐል መስመሩ ወጣ ብሎ ነው የተቀመጠው። ቺዳምባራምን እጅግ ይመኛል፤ «ነገ እሄዳለሁ» እያለ ስለሚኖር ቅጽል ስሙም እሱው ሆነ። በመጨረሻ መጣ፣ ግንቡን በውጭ ዞረ፣ አልገባም። ሺቫ በሕልም ለእሱም ለካህናቱም ተገለጠ። እሳት ተነደደ። ናንዳናር በእሳቱ አልፎ የብራህማን (የካህናት ወገን) መነኩሴ ሆኖ ወጣ፣ ወደ አዳራሹ ገብቶ ተሰወረ።

ይህን ታሪክ ያው «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩት የዛሬዎቹ ዳሊቶች በቁጣ ነው የሚያነቡት፤ ቁጣቸውም ተገቢ ነው። ለምን እሱ ይቃጠላል? ለምን መልኩን ቀይሮ ይገባል? በማድራስ ግዛት መቅደሶች ለሁሉም ሂንዱ በሕግ የተከፈቱት በ1947 ነው። ስለዚህ «የት ቆሞ ይዘምር» ሲባል ስለ ጥቂት የድንጋይ ደረጃዎች አይደለም የሚወራው። ኦዱቫሮች በአብዛኛው ብራህማን ያልሆኑ ሰዎች ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከዳሊቶችም ከሴቶችም ኦዱቫሮች ተሹመዋል። ዜማውን የመለሰችው ሴት ናት ብሎ ለሚያምን ትውፊት ይህ ዘገየ እንጂ እንግዳ አይደለም።


ጋሽ ይልማ

ልጆች፣ ሁላችሁንም እያነበብኩ ነው። በጃንሆይ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን ሕንዶች ነበሩ፤ ከደቡብ ነበሩ፣ አብዛኞቹ ከኬራላ። አንዱ መምህራችን ታሚል ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። ስለ አንድ መጽሐፍ ሲነግሩን ዓይናቸው እንባ ይሞላ ነበር፤ ለዚያ መጽሐፍ ያልቀለጠ ልብ ለየትኛውም ቃል አይቀልጥም ይሉን ነበር። ዋሽንት፣ የትኛው መጽሐፍ ይሆን?


ዋሽንት

ጋሽ ይልማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ቲሩቫሳካም ነው፤ አባባሉም ታሚሎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ደራሲው ማኒካቫሳካር የማዱራይ ንጉሥ ሚኒስትር ነበር። ፈረስ ግዛ ተብሎ የመንግሥት ገንዘብ ይዞ ሲሄድ ቲሩፔሩንቱራይ ላይ ከዛፍ ሥር የተቀመጠ መምህር አገኘ፤ መምህሩ ሺቫ ነበር። ገንዘቡን ለመቅደስ አዋለው፣ ንጉሡም አሰረው። ከዚያ በኋላ የኖረው በእንባ ነው። ግጥሞቹ ሙግት የላቸውም፤ «ውሻ ነኝ፣ አንተ ግን መጣህልኝ» የሚል ሰው ድምፅ ናቸው።

መጨረሻውም ቺዳምባራም ነው። አንድ እንግዳ መጥቶ ግጥሞቹን ሁሉ ከአፉ ሰምቶ ጻፈና ተሰወረ። በማግስቱ ካህናቱ ቅጠሎቹን ከወርቅ አዳራሹ ደፍ ላይ አገኟቸው፤ ጸሐፊው ሺቫ ራሱ ነበር። ካህናቱ ማኒካቫሳካርን «ትርጉሙን ንገረን» አሉት። ወደ አዳራሹ ወሰዳቸው፣ ወደ ጨፋሪው አመለከተና «ትርጉሙ እሱ ነው» ብሎ ገባ፤ አልወጣም። ልብ ብላችሁ ከሆነ ከመጀመሪያው ታሪክ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል፤ እዚያ ሰዎች ቅጠል ይዘጋሉ፣ እዚህ አምላክ ራሱ ጸሐፊ ሆኖ ቅጠሉን ደጅ ያስቀምጣል።

ከቲሩቫሳካም ውስጥ ልጃገረዶች በማለዳ እየተቀሰቀሱ የሚዘምሩት 20 አርኬ ያለው ቲሩቬምፓቫይ አለ። በማርጋሊ ወር፣ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር አጋማሽ፣ በመላው ታሚል ናዱ ጎህ ሳይቀድ ይዘመራል። ባንኮክ ያሉ የቤተ መንግሥት ብራህማኖችም በዓመታዊ ሥርዓታቸው ከእሱ ያዜማሉ፤ በነጋዴና በካህን ባሕር ተሻግሮ የሄደ ነው።


ጋሽ ይልማ

እሱው ነው! ቲሩቫሳካም። ስሙን ስታነሳው ድምፃቸው መጣልኝ። እግዚአብሔር ያክብርህ ልጄ። ከስልሳ ዓመት በኋላ መልስ አገኘሁ።


ሊያ

ሰላም። አባቴን ለሕክምና ቼናይ ይዤ ልሄድ ነው፤ ሐኪሙ በቀጠሮዎቹ መሐል ክፍት ቀናት እንደሚኖሩን ነግሮናል። ቺዳምባራም ለአንድ ቀን ይቻላል? መዝሙሩንስ በየትኛው ሰዓት ነው የምንሰማው? አባቴ ብዙ መራመድ አይችልም።


ዋሽንት

ሊያ፣ ይቻላል፣ ግን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን አባትሽን ያደክማል፤ አንድ ሌሊት እደሩ። ባቡሩ ከቼናይ ኤግሞር ጣቢያ ነው፤ ከጣቢያው እስከ መቅደሱ ባለ ሦስት እግር ታክሲ ያደርሳችኋል።

መቅደሱ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ ይዘጋና ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ይከፈታል። ከመዘጋቱ በፊት ከደረሳችሁ ትንሹን የቀይ ዕንቍ ናታራጃ ሲያጥቡት ታያላችሁ፤ ካህኑ መብራቱን ከኋላው ሲያዞረው ምስሉ እንደ ፍም ያበራል። ለመዝሙሩ ግን የማታውን ምረጡ፤ የኦዱቫር ዜማ ሥርዓቱን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ጫማ ማውለቅ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ወለሉ ግን ቀን በፀሐይ ይግላልና ለአባትሽ ካልሲ ያዢ። ወንዶች ወደ መድረኩ ሲወጡ ሸሚዝ ያወልቃሉ፤ አባትሽ ካልፈለጉ ከታች ቆመው አዳራሹን በደንብ ያዩታል። ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው።

በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ ከሆነ የምትሄዱት ቀኑን አስቀድመሽ አጣሪ። አሩድራ የሚባለው በዓል ያኔ ነው። በሌሎች መቅደሶች ለሠረገላ የሚወጣው ተለዋጭ ምስል ነው፤ እዚህ ግን ዋናው ናታራጃ ራሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ጎዳና ይወጣል፣ አንዱ ያኔ፣ ሌላው በሰኔ ወይም በሐምሌ። ግፊያው ከባድ ስለሆነ አባትሽን ይዘሽ ወደ መሐል አትግቢ፤ ከምሥራቁ መንገድ ሱቆች በረንዳ ላይ ሆናችሁ ሠረገላዎቹ ሲያልፉ ማየት ይቻላል። አባትሽን ፈጣሪ ይማርልሽ፤ ቀጠሯችሁ ሲታወቅ ጻፊልኝና የባቡሩን ነገር አብረን እናየዋለን።